የኮምፒውተርዎ ሰዓት ለምን ይዛባል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ዋይፋዩም ይዟል። ጂሜይል ልክፈት ሲሉ ግን በገጹ ፈንታ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይደቀናል። ሌላ ድረ ገጽ ቢሞክሩም ያው ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኔትወርኩን ነው፤ ራውተሩን ያጠፋል፣ ያበራል። ሲብስበት «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ብሎ ፎርማት ሊያስደርግ ተሸክሞት ይሄዳል። ከስክሪኑ በስተቀኝ ታች ጥግ ላይ ያለችውን ቀን ልብ የሚል ጥቂት ነው፤ ኮምፒውተሩ ገና 2015 እ.ኤ.አ. ላይ መቆሙ እዚያ ተጽፏል። በሽታው እሱ ነው፤ ፎርማትም አያድነውም።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስብ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ሰዓቱን ከንጋት ጀምረን እንቆጥራለን፤ ዘመኑንም በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን። ማሽኑን ከዚህ ጋር ለማስማማት ብለን ትክክለኛውን ሰዓት በገዛ እጃችን የምናበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው። በሐበሻ ሰዓት ማየት ለሚፈልግ ሰዓቱን ሳይነካ የሚያይበት መንገድ አለ፤ ከታች እንመጣበታለን። አስቀድሞ ግን ሰዓቱ የት እንዳለ ማወቅ ይበጃል።

ኮምፒውተር ውስጥ ስንት ሰዓት አለ?

ሁለት ሰዓትና አንድ ፊት አለ። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሦስቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

የመጀመሪያው ማዘርቦርዱ በሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ያለው የባትሪ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ መቁጠሩን አያቆምም፤ አጠገቡ ያለች ክብ፣ የሳንቲም መጠን ያላት ባትሪ ትመግበዋለች። ጥገና ቤት «ሲሞስ ባትሪ» የሚሏት እሷን ነው።

ሁለተኛው ሲስተም ሰዓት ይባላል። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ሲነሣ የባትሪውን ሰዓት አንድ ጊዜ አይቶ ይገለብጥና ከዚያ ወዲያ ቆጠራውን በራሱ ይቀጥላል። ፋይል ሲቀመጥ፣ ኢሜይል ሲላክ፣ ደረሰኝ ሲታተም የሚመዘገበው ሰዓት ከዚህ የሚወሰደው ነው። ይህ ሰዓት እንደ እኛ ሰዓትና ደቂቃ አይቆጥርም፤ ከአንድ የተወሰነ ቀን ወዲህ ያለፈውን ጊዜ እየደመረ ይሄዳል። ሊኑክስና አንድሮይድ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች ይደምራሉ፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ማለት ነው። ዊንዶውስ ከ1601 እ.ኤ.አ. ይነሣል። መነሻቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚቆጥሩት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው።

ፊቱ ደግሞ እኛ የምናየው ነው። ድምሩን ወስዶ እንደየአገሩ ያሳያል፤ ለኢትዮጵያ ከሆነ በዩቲሲ ላይ 3 ሰዓት ይጨምራል። ስንት እንደሚጨመር የሚወስነው ታይም ዞን ነው። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን ሆነው በአንድ ቅጽበት ፋይል ቢያስቀምጡ በሁለቱም ማሽን የሚገባው ድምር አንድ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋበት ወቅት 7፣ በቀረው 8 ሰዓት ይራራቃሉ። ታይም ዞን መቀየር ፊቱን ብቻ ይለውጣል፤ ሰዓቱን በእጅ መቀየር ግን ድምሩን ያዛባል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ማንም ሳይነካው ለምን ይዛባል?

የባትሪው ሰዓት ልቡ ኳርትዝ የሚባል ደቃቅ ክሪስታል ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይርገበገባል፤ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ እንዲርገበገብ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። 15 ጊዜ ለሁለት ቢከፈል 1 ይወጣል፤ ስለዚህ ቀላል ሰርኪዩት ደጋግሞ እያካፈለ አንዷን ሴኮንድ ያገኛታል። የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለውም ይኸው ዓይነት ክሪስታል ነው።

ሁለት ክሪስታል ግን እኩል ተቆርጦ አያውቅም። ተራው ከሚሊዮን 20 ያህል ይስታል። ከቁም ነገር የማይጣፍ ይመስላል፤ ቀኑ 86,400 ሴኮንድ ስለሆነ ግን በቀን 1.7፣ በወር 52 ሴኮንድ ይሆናል። ሙቀትም የራሱን ይጨምራል። ክሪስታሉ የሚስማማው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል። የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ 45 ዲግሪ ከደረሰ በሙቀቱ ሰበብ ብቻ በቀን 1.2 ሴኮንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ሰመራ ያለው ማሽን በሙቀቱ፣ ደብረ ብርሃን ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው በብርዱ፣ ሁለቱም ይዘገያሉ።

ሲስተም ሰዓቱ የሚቆጥረው በሌላ፣ እጅግ በፈጠነ ክሪስታል ነው፤ እሱም የራሱ ስህተት አለው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዓቶች ከእውነተኛው ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይለያያሉ። ኮምፒውተሩ ውድ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ያለ ውጭ ዕርዳታ ትክክል የሚቆይ ተራ ኮምፒውተር የለም።

ጥቂት ደቂቃ ቢሳሳት ምን ይጎዳል?

ደብዳቤ ለመጻፍና ዘፈን ለማዳመጥ ምንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ማሽኑ ሌላ ማሽን ማመን ወይም መታመን ሲኖርበት ነው።

እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያስረዳበት ሰርተፊኬት አለው። እንደ ፓስፖርት የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ ያደላቸው የኖሩት ለምሳሌ የሚያገለግሉት 90 ቀን ነው። ሰዓቱ 2015 ላይ የቆመ ኮምፒውተር ይህን ሰርተፊኬት ሲያይ «ገና ያልተሰጠ ፓስፖርት» ይሆንበታል፤ በሩን ይዘጋል። ድረ ገጹ ደህና ነው፤ ኔትወርኩም ደህና ነው።

ስልክ ላይ በጉግል ኦተንቲኬተር የሚመጣው ባለ 6 አኃዝ የመግቢያ ኮድም በሰዓት የሚሠራ ነው። ስልኩና ሰርቨሩ፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚሰጠው የሩቅ ኮምፒውተር፣ ኮዱን አይላላኩም። ሁለቱም አንድ ምሥጢራዊ ቁጥር አላቸው፤ ያንን ከሰዓቱ ጋር አዋህደው በየ30 ሴኮንዱ ለየብቻ ያሰሉታል። ሰዓታቸው ከተስማማ ኮዳቸውም ይስማማል። አብዛኛው ሰርቨር ለጥንቃቄ ያለፈውንና የሚቀጥለውን ኮድ ይቀበላል እንጂ ከዚያ አይዘልም። የስልክዎ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ከሳተ ኮዱን አንድም አኃዝ ሳያጠፉ ቢያስገቡ «ስህተት ነው» ይባላሉ።

ሠራተኛው ሁሉ በአንድ የዊንዶውስ ዶሜይን፣ ማለትም በአንድ ሰርቨር በሚተዳደር የኮምፒውተሮች ቡድን፣ በሚገባበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ወሰኑ 5 ደቂቃ ነው። የአንዱ ኮምፒውተር ሰዓት ከሰርቨሩ ከዚያ በላይ ከራቀ ከርቤሮስ የሚባለው የመግቢያ ሥርዓት አያስተናግደውም፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም የጋራ ፎልደርና ፕሪንተር ይከለከላል።

ኢንተርኔት ላይ ካለው ሰዓት ጋር እንዴት ይናበባል?

ኤንቲፒ በሚባል የመናበቢያ ዘዴ ነው። የነደፉት አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዴቪድ ሚልስ ናቸው። የመጀመሪያው ሰነድ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እሳቸውም በደላዌር ዩኒቨርሲቲ ሆነው ለረጅም ዓመታት ሲያሻሽሉት ኖሩ። ዛሬ የሚሠራበት አራተኛው ዕትም የተደነገገው በ2010 ነው። ሚልስ በጃንዋሪ 2024 አርፈዋል፤ የእጃቸው ሥራ ግን በዚህች ሰዓት እንኳ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡበትን ስልክ ሰዓት ከሚያቀኑት ዘዴዎች አንዱ ነው።

ሰዓት መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ችግሩ መልሱ መንገድ ላይ ያረጃል። «3 ሰዓት ነው» የተባለው መልስ እጃችን እስኪገባ ድረስ 3 ሰዓት አልፏል። ምን ያህል እንዳለፈ እንዴት ይታወቃል?

ልጅ ጎረቤት ልከን ሰዓት እንደምናስጠይቅ እናስብ። ልጁ ከቤት ሲወጣ የእኛ ሰዓት 3:00 ይላል። ጎረቤት ሲደርስ የእነሱ ሰዓት 3:14 ነው። አንድ ደቂቃ ቆይቶ በእነሱ 3:15 ይነሣል። ቤት ሲመለስ የእኛ 3:09 ይላል። በእኛ ሰዓት ሄዶ እስኪመለስ 9 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ጎረቤት የቆየበት አንድ ደቂቃ ሲቀነስ መንገዱ 8 ነው። መሄጃና መመለሻው እኩል ነው ካልን እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ ልጁ በ3:15 ከተነሣና 4 ደቂቃ ከተጓዘ አሁን 3:19 ነው። የእኛ ሰዓት 3:09 ስለሚል 10 ደቂቃ ዘግይተናል ማለት ነው። ኤንቲፒ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አራት የሰዓት ማኅተም፣ ጥቂት መደመርና መቀነስ፣ አንድ ማካፈል።

የዘዴው ድካምም እዚሁ ምሳሌ ውስጥ ይታያል። ወደ ጎረቤት የሚወስደው ዳገት፣ የሚመልሰው ቁልቁለት ቢሆንስ? መሄጃው 6፣ መመለሻው 2 ደቂቃ ከሆነ ድምሩ ያው 8 ነው፤ እኛ ግን እኩል አካፍለን በ2 ደቂቃ እንስታለን። በኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ትልቅ ቪዲዮ ሲጭን ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ይጨናነቃል፤ የሚገባው ግን ነጻ ነው። ደግነቱ ስህተቱ ከመንገዱ እኩሌታ ሊበልጥ አይችልም። አውሮፓ ያለ ሰርቨር ጠይቀን መልሱ በ150 ሚሊሴኮንድ ከመጣ ቢበዛ በ75 ሚሊሴኮንድ እንሳሳታለን፤ ለቢሮና ለቤት ከበቂ በላይ ነው። የቅርብ ሰርቨር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎረቤቱስ ከማን ጠየቀ? ሰንሰለት አለው። ከላይ የአቶሚክ ሰዓትና የጂፒኤስ ሳተላይት አሉ፤ ደረጃቸው 0 ነው። በቀጥታ ከእነሱ ጋር የተገናኘ ሰርቨር 1፣ ከእሱ የሚጠይቀው 2 እያለ እስከ 15 ይወርዳል። 16 የሚል ካዩ «አልተናበብኩም፤ አትመኑኝ» ማለቱ ነው።

ስህተቱን ሲያገኝ ወዲያው ለምን አይዘልም?

ሰዓት በድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ የሚፈጠረውን ያስቡ። አንድ ሱቅ ደረሰኝ በ4:10 ቆረጠ፤ ወዲያው ሰዓቱ ወደ 4:05 ተመለሰ፤ ቀጣዩ ደረሰኝ 4:06 ተብሎ ተጻፈ። በኋላ የገዛው ቀድሞ የገዛ ይመስላል። ዳታቤዝ እንዲህ ያለውን አይወድም። ስለዚህ ኤንቲፒ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሰዓቱን አያስዘልለውም፤ እርምጃውን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። የማፍጠኛው ወሰን በተለመደው አሠራር ከሚሊዮን 500 ነው። በዚህ እርምጃ አንዷን ሴኮንድ ለማቃናት 2,000 ሴኮንድ፣ ማለትም 33 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 10 ደቂቃ የሳተ ሰዓት በዚህ መንገድ ይቃና ቢባል ወደ 14 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ ልዩነቱ ከ128 ሚሊሴኮንድ ሲያልፍና ያለማቋረጥ ሲጸና መደበኛው የኤንቲፒ ፕሮግራም ይዘላል።

ከ1,000 ሴኮንድ ካለፈ ደግሞ፣ 16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ መሆኑ ነው፣ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሰው ይየው» ብሎ ሥራውን ያቆማል። የዊንዶውስም ተመሳሳይ ወሰን አለው፤ ዶሜይን ውስጥ በሌለ ኮምፒውተር 54,000 ሴኮንድ ወይም 15 ሰዓት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ «አውቶማቲክ ላይ ነው፤ ግን አልስተካከል አለ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው። ባትሪው ሞቶ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሲመለስ ማሽኑ የሚመጣለትን ትክክለኛ ሰዓት ልዩነቱ ስለበዛበት አይቀበልም። መፍትሔው ቀኑንና ሰዓቱን በግምት በእጅ አቅርቦ አውቶማቲኩን እንደገና ማብራት ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ በምን ይለያል?

ስህተቱ ራሱ ይናገራል፤ መጠኑን ማየት ብቻ ነው። ሴኮንዶች ወይም ጥቂት ደቂቃዎች ከሆነ ክሪስታሉ ነው፤ አውቶማቲክ ማስተካከያው አይሠራም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ወደ አንድ የቆየ ቀን የሚመለስ ከሆነ ባትሪው ነው። ልክ 10 ወይም 11 ሰዓት ከዘገየና ዊንዶውሱ አዲስ ከተጫነ ታይም ዞኑ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ቀርቷል። ልክ 6 ሰዓት ከሆነ አንድ ሰው በሐበሻ ሰዓት ሞልቶታል።

ልክ 3 ሰዓት የሚስት ደግሞ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው የተጫኑበት ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ የባትሪው ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፤ ሊኑክስ እዚያው ላይ ዩቲሲ ይጽፋል። ሊኑክስ ቀጥሎ ሲነሣ የኢትዮጵያን ሰዓት ዩቲሲ መስሎት 3 ይጨምርበታል፤ ዊንዶውስ ቀጥሎ ሲነሣ ዩቲሲውን የኢትዮጵያ መስሎት 3 ሰዓት ይዘገያል። ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት ሬጅስትሪ ውስጥ «ሪል ታይም ኢዝ ዩኒቨርሳል» የሚለውን ዋጋ 1 በማድረግ ሁለቱን ዩቲሲ ላይ ማስማማት ይቻላል። ሊኑክሱን ወደ አገር ሰዓት ማምጣትም ይሠራል፤ ዩቲሲው ግን ይመረጣል።

በሐበሻ ሰዓት ማየት ብፈልግስ?

መፈለግዎ ተገቢ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የምንለውን 9 ብሎ የሚያሳይ ማሽን ፊት ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ያደክማል። ስህተቱ አውቶማቲኩን አጥፍቶ 9ኙን በእጅ 3 ማድረግ ነው። ማሽኑ ያኔም ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ ያምናል፤ ስለዚህ ድምሩን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የሚልኩት ኢሜይል ከ6 ሰዓት በፊት እንደተላከ ሆኖ ይመዘገባል፤ የኦተንቲኬተር ኮዱም ከሰርቨሩ ጋር አይገጥምም። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ደግሞ ማሽኑን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው፤ አንድም አስተማማኝ ድረ ገጽ አይከፈትለትም።

ትክክለኛው መንገድ ድምሩን ትቶ ፊቱን መቀየር ነው። የእኛ አቆጣጠር ከአገራችን ይፋዊ ሰዓት በ6 ይርቃል፤ ይፋዊው ዩቲሲ ሲደመር 3 ስለሆነ የእኛው ዩቲሲ ሲቀነስ 3 ላይ ይወድቃል። በዚያ ታይም ዞን የሚተዳደር ከተማ አለ፤ ቦነስ አይረስ። አዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን የቦነስ አይረስ ሰዓት 3 ያነባል፤ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን በባለ 12 ሰዓቱ አቆጣጠር 2 ያነባል። ቀኑ የሚለወጠውም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አርጀንቲና አሁን ሰዓቷን በየወቅቱ ስለማትገፋ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ዋናውን ታይም ዞን ግን ወደዚያ ባይቀይሩት ይመረጣል፤ በፍላሽ ላይ የሚቀመጡ ፋይሎችና የቀጠሮ ማስታወሻዎች ሰዓታቸው ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ ያደናግራል። ዊንዶውስ ሁለት ተጨማሪ ሰዓት እንዲያክሉ ይፈቅዳል። «ዴት ኤንድ ታይም» ውስጥ «አዲሽናል ክሎክስ» የሚለውን ከፍተው «ሲቲ ኦፍ ቦነስ አይረስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ስሙን «የእኛ ሰዓት» ብለው ይጻፉበት። ከዚያ ማውዙን ታች ባለው ሰዓት ላይ ሲያሳርፉ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ። ስልክ ላይ የዓለም ሰዓት በሚለው ውስጥ ከተማዋን ጨምሮ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይቻላል። ዋናው ሰዓት ሳይነካ ይቀራል።

ዊንዶውስ ላይ ምን ልጫን?

«ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ»፣ ከዚያ «ዴት ኤንድ ታይም»። ታይም ዞኑ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ቢፈልጉ አያገኟትም፤ የእኛው «ናይሮቢ» የሚለው ነው። ሞስኮ፣ ኢስታንቡልና ሪያድም ሲደመር 3 ናቸው፤ ግን አይምረጧቸው። የእነዚያ አገር መንግሥት ነገ ሕጉን ቢለውጥ፣ ቱርክ በ2016 እንዳደረገችው፣ የእርስዎም ሰዓት አብሮ ይለወጣል። ታይም ዞኑ ከተስተካከለ በኋላ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውን አብርተው «ሲንክ ናው» ይጫኑ። ከጎኑ የ✓ ምልክት ከመጣ አለቀ። አዲሱ ዊንዶውስ ከዚያ ወዲያ በየ9 ሰዓቱ ገደማ ራሱ ይጠይቃል፤ የቀድሞዎቹ በሳምንት አንዴ ነበር፤ በሳምንት 12 ሴኮንድ የሚስት ማሽን ላይ ይህ ይታያል።

«ሲንክ ናው» አልሠራም ካለ መጀመሪያ ቀኑን በግምት ያቅርቡ። ከዚያም ካልሆነ የቢሮው ፋየርዎል፣ የኔትወርኩ ዘበኛ፣ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል፤ ኤንቲፒ የሚሄደው ዩዲፒ ፖርት 123 በሚባለው በር ነው። ድረ ገጽ መክፈት መቻል ይህ ፖርት ክፍት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ባትሪውን እንዴት ልቀይር?

ዴስክቶፕ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ከቆየ ጠፍቶ እንኳ ከፓወር ሰፕላዩ ጥቂት ኃይል ስለሚያገኝ ባትሪዋ ብዙ አትደክምም። በየማታው ዲቫይደሩን አጥፍቶ መሄድ በተለመደበት ቢሮ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰዓቱን የምትሸከመው እሷ ብቻ ናት፤ ቶሎ ታልቃለች። መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ ዲቫይደር ማጥፋቱን አንቃወምም፤ ባትሪዋ ከኮምፒውተሩ ጋር ስትነጻጸር ርካሽ ናት።

የምትገዛው ሲአር 2032 የምትባለው ናት። ቁጥሩ መጠኗን ይናገራል፤ ወርዷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ነው። 2025 የሚል የተጻፈባት ወርዷ አንድ ቢሆንም ስስ ስለሆነች ቦታው ላይ ትላላለች። ቴስተር ካለ ይለኩ፤ አዲሷ ከ3 ቮልት በላይ ታነባለች፤ 2.7 እና ከዚያ በታች ያነበበች ደክማለችና ይቀይሯት። ከሱቅም ስትገዛ መለካት ተገቢ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ብዙ አለ።

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፤ ኬብሉን ይንቀሉ፤ የማስነሻውን ቁልፍ ለአምስት ሴኮንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ኃይል ያውጡ። ሳጥኑን ከፍተው ቀለም ያልተቀባውን ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ በእጅዎ ያለው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ቦርዱን እንዳይጎዳ ነው። ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ብረት በጥፍርዎ ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓት ባትሪዋ በራሷ ብድግ ትላለች። አዲሷን ጽሑፉና የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠቅ እስክትል ይጫኑ። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ሁለት ሽቦ ይዛ ትገኛለች፤ ዋናውን ባትሪ ሳይነቅሉ እንዳይነኳት።

ሲያበሩ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብተው ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ይሙሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ የተቆለፈ ከሆነ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ሲመለስ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠየቁ ይችላሉ። ቁልፉን ሳይዙ ሥራውን አይጀምሩ።

ብዙ ኮምፒውተርና ካሜራ ያለበት ቢሮስ?

ሁሉም እየወጣ ኢንተርኔት ከሚጠይቅ አንድ ማሽን ወይም ራውተር ከውጭ ይጠይቅ፤ የቀሩት ከእሱ ይውሰዱ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ሁሉም አብረው ይስታሉ እንጂ አይለያዩም፤ ለመሥሪያ ቤት የሚያስፈልገውም በመጀመሪያ መስማማቱ ነው። ያ አንዱ ማሽን ደግሞ ቢያንስ አራት የውጭ ሰርቨር ይያዝ። በአንድ ሰርቨር ሲሳሳት አይታወቅም፤ በሁለት ማናቸው እንደተሳሳተ አይለይም፤ በሦስት ሁለቱ አንዱን ይረቱታል፤ አራተኛው ከሦስቱ አንዱ ለጠፋ ዕለት ነው። ኤንቲፒ ፑል የሚባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር የሰርቨሮች ማኅበር ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ በነጻ ያገለግላል፤ ለአፍሪካ የተለየ አድራሻም አለው።

የሚረሳው የካሜራውን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዲቪአሩና የጣት አሻራ ማሽኑ ነው። ካሜራ የተገጠመ ቀን በእጅ የተሞላ ሰዓት በወር አንድ ደቂቃ ቢስት በሁለት ዓመት 24 ደቂቃ ይርቃል። ዕቃ ጠፍቶ ቅጂው ሲታይ ሌባው የገባው ጥበቃው ተረኛ ባልነበረበት ሰዓት ሆኖ ይገኛል፤ ንጹሕ ሰው ይጠየቅበታል። ዲቪአር ሁሉ ማለት ይቻላል ኤንቲፒ የሚሞላበት ቦታ አለው፤ ኔትወርክ በሚለው ሜኑ ስር ነው። የዚያን አንድ ማሽን አድራሻ ይስጡት፤ ታይም ዞኑንም ሲደመር 3 ያድርጉ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚመጡት በቻይና ሰዓት፣ ሲደመር 8 ላይ ነው።

ዲቪአር አዲስ ሲገዙ አንድ ነገር ይሞክሩ። አሮጌ አሠራር ያላቸው መሣሪያዎች የሴኮንዶቹን ድምር የሚጽፉበት ቦታ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ያ ቁጥር የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ። ቀጥላ ባለችው ሴኮንድ መሣሪያው ወደ ዲሴምበር 1901 ይመለሳል። የዛሬ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአብዛኛው ከዚህ ድነዋል፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የሚረሱት ግን ሁሉም አልዳኑም። ሱቁ ውስጥ እያሉ ቀኑን 2039 አድርገው ያጥፉትና ያብሩት። ሜኑው ከ2037 አላልፍም ካለ፣ ወይም ሲነሣ ቀኑ ከተገለበጠ፣ ሌላ ያስመጡ።